ወረቀት አያለቅስም

የእማማ ሾኮ ፀጉር የተላጨው በአደባባይ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ እያየ። ጥፋታቸው አዲስ የተወለደ ሕፃን በእጃቸው ይዘው፣ እናቶቻቸው ያስተማሯቸውን ቃል መናገራቸው ነበር። ከባሕር ማዶ ከመጡት መነኮሳት አንዱ፣ አሁን በሕይወት የለም፣ «ሕፃን ላይ ውሃ የሚያፈስም፣ ቃል የሚናገርም ካህን ብቻ ነው» ብሎ መቀስ አስመጣ።

ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ የሰማ ሰው ካለ፣ ፀጉራቸው ሲወድቅ ከመሐሉ ነጭ ወፍ ተነሥታ ወደ ሐይቁ በረረች ማለቴን ያስታውሳል። ብዙ ቦታ ብያለሁ፤ ሰው ወፏን ይወዳታል። ዛሬ ግን ወፍ የለችም። የወደቀው የአሮጊት ፀጉር ነው፤ ነፋስ ጥቂቱን ወሰደው፣ የቀረውን እሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ለቀሙት።

ስሜ ሎሬንሶ ቶትሊ ነው። አካልፓን በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ታንኳ እቀዝፋለሁ። በልጅነቴ የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ ላቲን ላይ ሳንደርስ ግን አባረሩኝ። በጥምቀት ገንዳው ውስጥ አንድ የሐይቅ እንሽላሊት፣ ያ ሲሥቅ የሚመስለው፣ ተገኘ። እኔ ነኝ የከተተው አሉ። እኔ እስከ ዛሬ የምለው፣ እንሽላሊቱ ክርስትና ፈልጎ በእግሩ መጣ ነው።

እማማ ሾኮ የሚስቴ የፓፓን አያት ናቸው። ከመቀሱ ቀን በኋላ ማዋለዳቸውን አልተዉም፤ አፋቸውን ግን ዘጉ። ሕፃኑን ይቀበላሉ፣ እትብቱን ይቆርጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ያለ አንዲት ቃል ለእናቱ ይሰጣሉ። የእኛ የበኩር ልጅ እንደዚያ ነበር የመጣው፤ በዝምታ። ጡት መያዝ እንኳ በወጉ ሳይለምድ ሄደ። ሰው መጥቶ አጽናናን፣ የበቆሎ ገንፎ አመጣልን፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ወሰደ አለን። ፓፓን ግን ግድግዳውን እያየች አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር።

«ማን እንኳን መጣህ አለው? ቤት የተሳሳተ መስሎት ነው የተመለሰው።»

ሁለተኛውን ስትፀንስ፣ ሆዷ ገና ሳይታይ፣ ነገሩን ቆረጠችው። «አያቴ ቃሉን ካልተናገረች አልወልድም።»

«እንዴት ነው የማትወልጂው? በሩን ትዘጊበታለሽ?»

«እዘጋዋለሁ» አለች። ብታውቋት፣ የምትዘጋው ይመስላችኋል።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው መነኩሴው አባ ሂነስ ወደ እኛ የመጡት።

አባ ሂነስ ከባሕር ማዶ ሲመጡ ጢማቸው ገና ጥቁር ነበር ይባላል። እኔ የማውቃቸው ግን ነጭ ሆኖ፣ ጉልበታቸውም አልታጠፍ ብሏቸው፣ ታንኳዬ ውስጥ እንደ እንጨት እየተጋደሙ ነው። ቋንቋችንን ከእኛ አስበልጠው ይናገራሉ፤ ከስድቡ በስተቀር። የአባቶቻችንን ነገር ሁሉ ይጽፋሉ። የላባ ሠሪዎችን፣ ወርቅ አንጥረኞችን፣ መድኃኒት አዋቂዎችን፣ በየመንደሩ የቀሩትን ሽማግሌዎች እየዞሩ ያስቀምጡና ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ይናገራል። ፋቢያን የሚባለው ጸሐፊያቸው ይጽፋል። ፋቢያን የእኛው ልጅ ነው፤ ላቲኑ ግን ዳክዬዎችን በሐይቁ ላይ ያንበረክካል። ከዚያ የተጻፈው ለዚያው ለተናጋሪው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሽማግሌው «አዎ፣ እንዲህ ነው» ካለ፣ አባ ሂነስ ከገጹ ግርጌ የሰውየውን ስምና ምልክታቸውን ያኖራሉ። ባለቃሉ ያልሰማውን ገጽ ምንም ቢያምር ከመጽሐፋቸው አያስገቡትም። ይጸልዩበታል፣ ከዚያ እሳት ውስጥ ይከቱታል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

እማማ ሾኮ ቤት ስንደርስ፣ አሮጊቷ ሰሌን ላይ ተቀምጠው የበቆሎ ቅርፊት ይልጣሉ። ፓፓን አጠገባቸው ናት። ቀና አላሉም።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አሉ አባ ሂነስ።

«ፀጉሬ አድጓል።»

አባ ሂነስ ቀስ ብለው፣ አንዱን እግር ዘርግተው መሬት ተቀመጡ። «ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ የምትናገረውን ቃል መጻፍ እፈልጋለሁ።»

አሮጊቷ ሣቁ። ጥርስ ስለሌላቸው ሣቃቸው የንፋስ ድምፅ ነበረው። «መቀስህን የት አደረግኸው?»

«መቀሱ የእኔ አልነበረም።»

«ገመዱ ግን አንድ ነው» አሉና ጣታቸውን ወደ መነኩሴው ወገብ መታጠቂያ ቀሰሩ።

አባ ሂነስ ገመዱን ተመለከቱት። «እውነትዎን ነው» አሉ።

«ስናገር ላጫችሁኝ። ዝም ስል ተናገሪ ትሉኛላችሁ። ለምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ለአለቆቼ፣ የድሮውን ስሕተት ለይተን እንድናውቀው ነው እላቸዋለሁ።»

«ለእኔስ?»

«ለእርስዎ... እንዳይጠፋ ነው የምልዎት።»

«ታዲያ የምትዋሸው ለማንኛችን ነው?»

ፋቢያን ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። አባ ሂነስ ጢማቸውን ያዙ፣ ለቀቁት፤ መልሰው ያዙት። «አላውቅም እማማ» አሉ።

ይህች መልስ ሳትጥማቸው አልቀረችም፤ እማማ ሾኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ስማ አንተ መነኩሴ። ቃሉ የሚነገረው ለእንግዳ ነው። እንግዳው እጅ ላይ ሳይኖር አይወጣም። ለወረቀት አልናገርም። ወረቀት አያለቅስም፣ ወረቀት አይርበውም። ምን ብዬ ነው እንኳን መጡ የምለው?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ጣልቃ መግባት ሥራዬ ነው። «አባ፣ የሚያለቅሰውስ በመንገድ ላይ ነው» ብዬ ወደ ፓፓን ሆድ አመለከትኩ።

«ዝም በል አንተ ምላስ ብቻ» አሉኝ እማማ ሾኮ። ግን ሐሳቡን አልጣሉትም።

አባ ሂነስ አሰቡ። «ልጁን መጀመሪያ አጠምቀዋለሁ። ከዚያ ይናገሩ፤ ለመጻፍ ያህል ነው ብዬ ለአለቃዬ አስረዳለሁ።»

«መጀመሪያ እንኳን ደህና መጡ ይባላል። ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ስም ትሰጠዋለህ፣ ውሃህንም ታፈስበታለህ። አንተ በአገርህ እንግዳ ገና በር ላይ ሳለ ውሃ ትደፋበታለህ?»

«ጥምቀትን ማስቀደም ግዴታዬ ነው፤ ሌላ አልችልም እማማ።»

«እኔም አልችልም።»

ፓፓን ተነሥታ ወጣች። ታንኳዬ ዳር ቆማ አገኘኋት፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ። «ሁለቱም ግትሮች» አለች። «በመካከል ይሄኛውም ሊመለስ ነው።»

ከዝናቡ በኋላ በሽታው ገባ። ስለ እሱ አላበዛም፤ ያየው ያውቀዋል። ትኩሳት፣ ጥቁር ሽንት፣ ከአፍንጫ የሚፈስ ደም። አባ ሂነስና ሰዎቻቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ ይቀብሩ ነበር፤ በኋላ ቆፋሪ ጠፋ። ታንኳዬ ከሸምበቆና ከበቆሎ ይልቅ ሰው መጫን ጀመረች። ስለዚያ ሰሞን ያወራሁት ተረት የለም። ማንም አልጠየቀኝም።

እማማ ሾኮ አንድ ጧት ፓፓንን «ያንን መነኩሴ ጥሩልኝ» አሏት። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ፓፓን ገና ወሯ አልገባም። አዋላጅ ነበሩና ሁለቱንም ነገር ያውቁታል፤ የሷንም ቀን፣ የራሳቸውንም።

አባ ሂነስንና ፋቢያንን በታንኳ ይዤ ስመለስ አሮጊቷ ተቀምጠዋል። ታጥበዋል። ያደገውን ፀጉራቸውን ፓፓን አበጥራ በጥጥ ፈትል ሁለት ቦታ አስራላቸዋለች።

«እኔ አልደርስም» አሉ። «እንግዳው ግን መጥቷል። መጋረጃ ብቻ ነው የቀረው።» ፓፓንን አጠገባቸው አስተኟትና እጃቸውን ሆዷ ላይ አኖሩ። «እዚሁ ሆኜ እናገራለሁ። አንዴ ብቻ ነው፤ የምደግምበት ትንፋሽ የለኝም። ጻፍ።»

«ውሃ የለም» አሉ አባ ሂነስ። ለማንም አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው፤ ሂሳባቸውን ከአለቃቸው ጋር እያስተካከሉ። «ውሃ የለም። መጻፍ ይቻላል።»

«አንተ ውጣ» አሉኝ እማማ ሾኮ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«አንተ ያለህበት ቃል አይቀጥንም፣ ይወፍራል። ውጣ።»

ወጣሁ። ከሰሌኑ በር ውጭ ቆምኩ፤ ሰሌን ደግሞ ጆሮ አይከለክልም። የመጀመሪያውን ሰማሁ። እማማ ሾኮ በዕድሜዬ ሙሉ አንቱ ያሉት ሰው የለም፤ መነኩሴውን እንኳ አንተ ነው የሚሉት። ላልተወለደው ግን እንዲህ አሉት፦

«ደክመው መጡ። ይቀመጡ። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛም መጥተንበታል። እዚህ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱ ሰው አይመርጥም። ያልጠሩት ይመጣል፣ የጠሩት ይዘገያል። አስቀድመን እንነግርዎታለን፤ በኋላ አልነገሩኝም እንዳይሉን...»

ይህን ያህል እነግራችኋለሁ። ሙሉውን መስማት የሚፈልግ መወለድ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው እየቀነሰ ሄደ፤ ድምፃቸው ከእስትንፋሳቸው ጋር ተደባለቀ። የፋቢያን ብዕር ሲጭር ብቻ እሰማለሁ። በመሐል ብዕሩ ቆመ። አባ ሂነስ «ፋቢያን!» አሉ በሹክሹክታ፣ ደንግጠው። ብዕሩ ቀጠለ።

ሲያልቅ ገባሁ። ፋቢያን አፍንጫውን በእጅጌው ይዟል፤ እጅጌው ቀይ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ፣ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ፣ የደም ጠብታ ወድቆ አንድ መሥመር ሙሉ ውጧል። ፋቢያን ራሱ ነው ሊቀልድ የሞከረው። «ቀይ ቀለም አልጠየቅኩም ነበር» አለ። ማንም አልሣቀለትም፤ እኔ እንኳ።

አባ ሂነስ ወረቀቱን አነሡ። ሥራው ይዟቸው ነበር። «እማማ፣ አሁን ይነበብልዎታል። የጎደለውን ይሞላሉ፣ የተሳሳተውን ያርማሉ።»

«ለእኔ አይነበብም።»

«እማማ፣ ካልተነበበ...»

«እኔ የምወጣ ነኝ፤ የምገባ አይደለሁም። እንኳን መጡ ተብሎ ለሚሄድ ሰው ይነበባል? ለባለቤቱ አንብቡለት፣ ሲመጣ። እሱ ያርመዋል።»

«ሕፃን እንዴት ያርማል?»

«ዝም ብሎ ከሰማ፣ ልክ ጽፋችኋል። ካለቀሰ፣ ዋሽታችኋል።» ከዚያ ወደ ፓፓን ዞሩ። «አንቺ አትናገሪውም። እንግዳ ይዞ የመጣ ሰው ተቀባይ አይሆንም። ሌላ ሰው ይበል።»

«ማን ይበል አያቴ?»

እማማ ሾኮ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ፋቢያንን አዩት፣ ዓይናቸው አለፈው። መነኩሴውን አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ተነፈሱ። «ዓለም እንዲህ ሆነ» አሉ።

በማግሥቱ ቀበርናቸው። ፋቢያን ሳምንት አልቆየም። የመጨረሻ ቀኑ ላይ ታንኳዬ ውስጥ ተኝቶ በላቲን ይናገር ነበር፤ ዳክዬዎቹን ሁሉ አየኋቸው፤ አንዷም አልተንበረከከችም። እንዲንበረከኩ ግን ፈልጌ ነበር።

ትእዛዙ የመጣው ያኔ ነው። ከባሕር ማዶ። የአባቶቻችን ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ ይላክ፤ ከእንግዲህም በማንኛውም ቋንቋ ስለዚያ የሚጽፍ እንዳይኖር። አባ ሂነስ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበትን ሁሉ በአንድ የእንጨት ሣጥን ደረደሩት። እኔ ልጭነው ተጠራሁ። ክፍላቸው ስገባ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ አንድ ገጽ ግን ከውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የደሙ ነጥብ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ጎኑ ላይ ሻማ በርቷል፤ ቀን ነው፤ የሚበራበት ምክንያት የለም።

«አባ፣ ይሄ አይሄድም?»

«አልተነበበም። ምልክት የለውም።»

«ሊያቃጥሉት ነው።»

ዓይናቸው ወደ ሻማው ሄደ።

ያን ጊዜ ፓፓን ወደ እኔ መጣች፤ ማለቴ በሐሳቤ። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ። ገጹ ከነደደ ለልጄ የሚባል ነገር የለም፤ እማማ ሾኮ የሉ፤ እኔ የማውቀው መግቢያውን ብቻ። ገጹ ሣጥን ውስጥ ከገባም ያው ነው፤ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ።

«ታንኳዬ ተበላሽታለች» አልኩ።

«ምን ሆነች?»

«ነከሳት። ያ በጅራቱ ጫፍ የሰው እጅ ያለው የውሃ ውሻ። ከሥር መጥቶ፣ በጥርሱ እንኳ አይደለም፣ በዚያ በእጁ ጣውላውን ቦጨቀው። ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ። ቀለበት ነበረው።»

ያንን አውሬ አባ ሂነስ ራሳቸው ጽፈውታል፤ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰምተው፣ አንብበው፣ ምልክት አድርገው። «ቀለበት ነበረው የሚል አልጻፍንም» አሉ።

«ይሄኛው ያገባ ነው።»

መሣቅ የረሳ ፊት ሊሥቅ ሲል ያማል፤ የሳቸው ፊት እንደዚያ ሆነ። «ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ ትፈልጋለህ?»

«ፓፓን እስክትወልድ።»

«ሎሬንሶ...»

«አባ፣ የእርስዎ ሕግ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። የተጻፈ ለባለቃሉ ይነበባል፤ ሥራው የሚያልቀው ያኔ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ሲመጣ አንብቡለት ተብሏል። እርስዎም ነበሩ፣ ሰምተዋል። ያላለቀ ሥራ ያቃጥላሉ? ያላለቀስ ይልካሉ?»

ተነሡ። ሻማውን በጣታቸው አጠፉት። «ታንኳህን ጠግናት» አሉኝ። «በደንብ ጠግናት።»

ፓፓን ምጥ የያዛት እኩለ ቀን ላይ ነው። የሞቀ ቀን ነበር፤ ሐይቁ አልተንቀሳቀሰም። ከጎረቤት ያለች፣ ልጆቿን የቀበረች ሴት መጣች። አዋላጅ አይደለችም፤ ግን እማማ ሾኮን ብዙ ጊዜ ረድታለች፤ እጇ ያውቃል። እኔ አባ ሂነስን ለማምጣት ሄድኩ። ታንኳዬ አንዲት ጠብታ አላስገባችም። እሳቸው ውሃ በትንሽ እንስራ ይዘዋል፤ ወረቀቱን በብብታቸው። መንገዱን ሁሉ ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ዝም ስል ሰዎች ከየዳሩ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ስንደርስ ለቅሶ ሰማን። የሕፃን ለቅሶ። የበኩር ልጃችን እንዲህ አላለቀሰም፤ እንደ ድመት ነበር። ይህች ግን መንደሩን ያወቀች ይመስል ትጮሃለች።

«ሴት ናት» አለች ጎረቤታችን ከውስጥ። «እናቲቱ ደክማለች። አባ ይምጡ፣ ቶሎ ያጥምቋት፤ ጊዜው ክፉ ነው።»

ገባን። ፓፓን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ እንደ ሰም። ሕፃኗ ታጥባ ተጠቅልላለች። ፓፓን እኔን አላየችም፤ የአባ ሂነስን እንስራ ነው የምታየው። ከንፈሯ ተገጥሟል። አያቷ አትናገሪ ብለዋታል።

አባ ሂነስ እንስራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። በዚያ መከራ ሰሞን ስንት ሕፃን ሳይጠመቅ እንዳለፋቸው እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሕፃኗን አዩ። ፓፓንን አዩ። ከዚያ እንስራውን መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ከራሳቸው ራቅ አድርገው፣ ከብብታቸውም ወረቀቱን አውጥተው ሰጡኝ።

«መጀመሪያ አንብብ» አሉ።

ሕፃኗን ተቀበልኩ። አንድ እጄ ላይ እሷ፣ አንድ እጄ ላይ ወረቀቱ። የፋቢያን ጽሕፈት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደል እንደ ድንጋይ እየረገጥኩ ነው የማነበው። ጀመርኩ። ደ-ክ-መው መጡ። ይቀመጡ። ሕፃኗ ትጮሃለች። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ እናውቃለን። ትጮሃለች። ሦስተኛው መሥመር ላይ ድምፄ ራሱ መንገዱን አገኘ፤ የእኔ ድምፅ አልመሰለኝም። ጩኸቷ ወደ ስቅታ፣ ስቅታው ወደ እስትንፋስ ወረደ። ዓይኗን ከፍታ፣ ያ ጭጋግ ያለበትን ዓይን፣ ወደ አፌ አደረገችው።

ከዚያ ደሙ ጋ ደረስኩ።

ከደሙ በፊት ያለው «የሚቀበልዎት ቤት ድሃ ነው፤ እጃችንን ግን ታጥበናል። ከእኛ በፊት የሄዱት ቦታዎን ጠብቀውልዎታል። እኛም የምንሄድ ነን» ይላል። ቀጥሎ ቡናማ ነጥብ። ከነጥቡ በኋላ ሌላ ሐሳብ።

እናንተ እኔን ታውቁኛላችሁ። በዚያ ክፍተት ውስጥ መዝሙር ላስገባ እችላለሁ። ወርቅ፣ ላባ፣ የሚናገር ንስር፣ የፈለጋችሁትን፣ ሳልተነፍስ። ምላሴ ላይ መጥቶ ተሰልፏል፤ ሁሉም ያምራል። ፓፓን ሰምታዋለች እውነተኛውን፤ ታውቀዋለች፤ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ፣ አፏን ዘግታ፣ ምን እንደምል ትጠብቃለች። ሕፃኗም ትጠብቃለች።

ዝም አልኩ።

ዝምታው ሲረዝም የሕፃኗ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎረቤታችን «በል እንጂ» አለችኝ። አልቻልኩም። ላብ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ እጄን አራቅኩ።

ያኔ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። ዝግ ያለ፣ ሸካራ፣ እንደ እኛ ሰው የሚናገር።

«እስክንሄድ ድረስ ግን» አሉ አባ ሂነስ፣ «ብቻዎን አይደሉም።»

ፊቴን አዞርኩ። ተንበርክከዋል፤ ያ የማይታጠፈው ጉልበታቸው እንዴት እንደታጠፈ እግዚአብሔር ይወቅ። ለሕፃኗ ነበር የተናገሩት፤ አንቱ ብለው። የተከለከለውን ቃል፣ አዋላጅ የተላጨችበትን ቃል፣ እንደ ሰሙት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ጠፋ።

ፓፓን ከንፈሯን ለቀቀች። ያ ነበር መልሷ።

የቀረውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሕፃኗ ዝም ብላ ሰማች። ሲያልቅ አስነጠሰች። ማስነጠስ ምን ማለት እንደሆነ እማማ ሾኮ አልነገሩንም ነበር፤ ተያይተን ተውነው። ከዚያ አባ ሂነስ እንስራቸውን አንሥተው አጠመቋት። ሉሲያ አሏት።

ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከደሙ በላይ፣ በጠባቡ ቦታ፣ ያንን መሥመር በገዛ እጃቸው ጻፉ። ከግርጌው፣ የሽማግሌዎቹ ስም በሚገባበት ቦታ፣ እንዲህ ብለው አኖሩ፦ «ሉሲያ፣ የአካልፓን ልጅ። ተነበበላት፤ እንዲህ ነው ብላ ዝም አለች።» ምልክታቸውንም አደረጉ።

«አስነጠሰች የሚለው ይቅር?» አልኳቸው።

«ይቅር» አሉ።

ያ ገጽ የገባበትን ሣጥን እኔው ነኝ የወሰድኩት። አባ ሂነስ ዳር ድረስ መጥተው በእጃቸው ክዳኑን ነኩት፤ ዞረው ሄዱ። ከተማው ወደብ ላይ በቅሎ ነጂዎች ተቀበሉኝ። አንዱ «ምን አለበት?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የተኛ ንጉሥ አለበት፣ እንዳታነቃቁት እለው ነበር። «ወረቀት ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ እውነት ስናገር የሚያምነኝ የለም።

ስመለስ ፓፓን የወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣለች። የሉሲያን እትብት ከምድጃው ሥር ቀብራዋለች፤ አፈሩ ገና ትኩስ ነው። ልጅቷ ጡት ይዛለች፤ አጥብቃ፣ የሚነጥቃት ያለ ይመስል።

«ቃሉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ባሕር ማዶ።»

ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት።

«እዚያስ ልጅ ይወለዳል?»

«ይወለዳል መሰለኝ።»

«እንግዲያው እንኳን መጡ የሚለው ቃል አያጣም» አለችና ወደ ልጇ ጎንበስ አለች።